ዶሮው ያለበት ብሎክ

አባቴ ቃሊቲ፣ ከሚዛኑ ጣቢያ፣
የጭነት መኪና ሲመዝን የኖረ፣
ሲሚንቶውን በቶን፣ ጤፉን በኩንታል፣
ሌሊት በእንቅልፉም ሲደምር ያደረ፣
«አካውንቲንግ ትማሪያለሽ» አለኝ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ሳያየው፤
እናቴ ግን አይታው ነበር፤ አጥፋ ከፍራሹ ሥር ደበቀችው።

ስሜም አላገዘኝ። ስንታየሁ ነኝ።
መምህር ዘርጋው የሒሳብ ፈተና ሲመልስ፣ ገና በሩ ላይ ቆሞ፣
«ስንት አየሽ?» ይለኛል፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል ቀድሞ።
«ሦስት» እላለሁ።
ከሃያ።
እንዲህ ነው የጀመረው፣ የእኔና የቁጥር ቅያሜ፣
ገና አንድም ሳልቆጥር፣ «ስንት» የሚል ጥያቄ ተሸክሜ በስሜ።

ሰባትን ሳየው፣ እጀታ የሌለው ማጭድ ይመስለኛል፤
ስምንት፣ መቀነቷን ያጠበቀች ሴት፤ ዜሮ፣ ሲያዛጋ ይታየኛል።
መልካቸውን እወዳለሁ፤
ልካቸውን አላውቅም።

ቁጥር የማይደርስበት እንጀራ ፈለግኩ።
ሾፌርነት፣ ነዳጅ በሊትር፤ ስፌት፣ ጨርቅ በሜትር አለ፤
ነርስነት፣ መድኃኒት በጠብታ፤ ጸጉር ቤት እንኳ መልስ መስጠት አለ።
«ታፔላ ጻፊ እሆናለሁ» አልኩ፤ «ፊደል መቼም ዕዳ የለው።»
አባቴ ሳቀ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው ያለው፦
«ልጄ፣ ፊደልም እኮ ይቆጠራል፤
ፊደል የቆጠረ አይደል የሚባለው?»

የመጀመሪያ ሥራዬ? ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣
መሰላል ተሸክሜ፣ አንድ ባልዲ ጥቁር ቀለም ጨብጬ፣
መስኮቱ የማይቆጠር፣ ገና ሰው ያላሞቀው ሜዳ፣
የሕንፃዎቹን ቁጥር፣ በሰው ቁመት ሙሉ፣ መጻፍ በየግድግዳ።
ብሎክ 211፣ ብሎክ 212። ከቁጥር ሸሽቼ ቁጥር ላይ ተሰቀልኩ፤
ጫፍ ላይ ሆኜ ትዝ ሲለኝ፣ ብቻዬን ሳቅኩ።

አንድ ከሰዓት፣ ከመሰላሌ ሥር ቆመው አየሁ አንዲት ባልቴት፣
አዴ ኩለኒ፤ በእጃቸው ቁልፍ፤ የሦስት ሰው በር ሞክረው የጠፋቸው ቤት።
«ይኼ ሁሉ የሽምብራ ማሳ ነበር፤ በጨለማ አውቀው ነበር በእግሬ፤
ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ጠፋብኝ፣ መግቢያዬና ሰፈሬ።
እዚያ የጻፍሽው ምን ይላል?»
«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።»
ቀና ብለው አዩት። ቆይተው አዩት።
«ለእኔ ምንም አላለኝም» አሉ።

እኔም እኮ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት፣
እንዲሁ ቀና ብዬ ቆሜ አውቃለሁ።

ከባልዲ ግርጌ ቀይ ቀለም ነበረኝ፣ የቧንቧ ምልክት ትራፊ፤
ከደረጃው መግቢያ አጠገብ አውራ ዶሮ ሣልኩ፤ ደረቱ የተነፋ፣ ክንፉ ሰፊ፣
አንድ እግሩን ያነሳ፣ ለመጮህ አንድ ትንፋሽ የቀረው።
አዴ ኩለኒ ነካ አደረጉት፤ ጣታቸው ቀላ፤ ቁልፋቸው በሩን አወቀው።
ሳምንት ሳይሞላ ባጃጆቹ «ዶሮው ጋ! ዶሮው ጋ!» ማለት ጀመሩ፤
217ን የጠራ ሰው አልሰማሁም።

ወር ሲያልቅ ተቆጣጣሪው፣ አቶ ምንዳ፣ ደብተሩን ዘርግቶ መጣ፤
ዶሮው ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ አልሳቀም፤ አልተቆጣ።
«ይኼ በሒሳብ የለም።»
«እኔም ሒሳብ ላይ የለሁበትም» አልኩት፤
የሰጠኝን ሳልቆጥር ተቀበልኩት።

ማታ አባቴ ቆጠረው። ደግሞ ቆጠረው። መነጽሩን አወለቀ።
«የአሥራ ስምንት ከፍለውሻል፤ የጻፍሽው አሥራ ዘጠኝ ነው አላልሽም?»
ጠዋት፣ ሳይነግረኝ፣ በሁለት ታክሲ ኮዬ ፈጬ ድረስ ሄደ፤
ከብሎክ ብሎክ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ በአቧራው መሐል ወረደ።

ሲመለስ ጫማው ነጭ ነው። በሩ ላይ ቆመ።
«ስንት አየህ?» አልኩት።

«ሃያ» አለ።

ዶሮውን ቆጥሮታል።

ምንዳ ግን ያቺን አንዷን እስከ ዛሬ አልከፈለም።